የሚሾልከው ከየት ነው?

የብየዳ ቤቱ ባለቤት ካልጠረጠሩ ይመነጠሩ የምትል ሴት ናት። ስለዚህ የደኅንነት ተቆጣጣሪው ገና በሩን ሳያልፍ ዓይኗ ታናሽ ወንድሟ ላይ አረፈ።

ጥግ ላይ ካርባይድ ከውሃ እየተገናኘ የብየዳ ጋዝ የሚያወጣበት በርሜል ቆሟል። ተቆጣጣሪው የመጣው የእሱን አደጋ ሊመዝን ነው። ጋዙ የሚሾልክ ከሆነ ቤቱ ዛሬውኑ ይታሸጋል። ወንድምና እህት ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ተቆጣጣሪው ውሃ ለመነ፤ ጠጣ፤ አስደገመ።

«ማታ እንግዶች ነበሩብኝ፤ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም» አለ። ከረሜላ አፉ ውስጥ ጣለና መዳፍ የምታክል መሣሪያ ከኪሱ አወጣ። «ይቺ የሚነድ ነገር ተን ካገኘች ትጮኻለች። የምታልፈው የለም።»

«እንደ እትዬ ናት በለኛ» አለ ወንድምየው።

«አንተ አርፈህ ቁም።»

ተቆጣጣሪው መነጽሩን ረስቶ ስለመጣ ቁጥሩን ለማንበብ መሣሪያዋን ፊቱ ድረስ አስጠጋት። ጮኸች።

ወንድምየው በእጁ የያዘውን መለኮሻ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሳሙና በጥብጦ ቧንቧውን፣ ጎማውን፣ ክዳኑን በአረፋ ቀባ። የሚሾልክ ጋዝ ቢኖር አረፋው ይነፋ ነበር። አልተነፋም። ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ አየ፤ መሣሪያዋ አሁንም ጮኸች።

ስልክ ተደወለለት። መሣሪያዋን በርሜሉ ክዳን ላይ አኑሮ ወጣ። መሣሪያዋ ጸጥ አለች፤ እህትና ወንድም ተፋጠጡ።

«ጎማውን በአሮጌ ቀይረኸዋል።»

«አልቀየርኩም እትዬ። እናቴን እልሻለሁ።»

«የእኔም እናት ናት፤ ብቻህን አትማልባት።»

«ታዲያ ራስሽ እዪዋ፤ ጎማው አዲስ ነው።»

ጎማውን በጣቶቿ ዳበሰችው። አዲስ ነበር። ያኔ የባሰ ፈራች።

ተቆጣጣሪው ተመልሶ መሣሪያዋን አነሳ፤ ቁጥሯን አነበበ። ከበፊቱም ብሶባት ጮኸች።

«በቃ» አለ፤ ከቦርሳው የማሸጊያ ወረቀትና ሙጫ እያወጣ። «ከዚህ በላይ ብታገሥ ሰፈሩን ሁሉ ይዞ ይነሳል።»

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እህቱ ግን ወደ ተቆጣጣሪው ተጠጋች፤ ልታቅፈው እስክትመስል ተጠጋች፤ ከከረሜላው ሥር የአረቄ ሽታ ሸተታት።

«ጌታዬ፣ ከማሸግዎ በፊት» አለችው፣ «እስቲ ለአፍታ አይተንፍሱባት።»