ፓርከሩን ያበላሸው ሰው

ነገር ሁሉ የተበላሸው ባለፈው ዓመት፣ የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ነው።

በዚያ ጠዋት ፍቅሬ ደብሊን በምትባል የአሜሪካ ከተማ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ በአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ክለብ ውድድር ላይ፣ የጠመንጃውን ሳጥን፣ ኬዙን፣ ከፈተ። ውስጡ የተኛው በሃያ ዓመት ልፋት ከሰበሰባቸው ስድስት ጠመንጃዎች አውራው ነው፤ በ1906 አሜሪካ የተሠራ፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተጋደመበት ፓርከር። የእንዲህ ያለ ጠመንጃ ክብሩ መተኮሱ አይደለም። ክብሩ፣ ከቃታው በላይ ያለው ብረት ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም አለመልቀቁ ነው። ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ሰማያዊና ቡናማ የተቀላቀለ፣ በዕድሜ ብዛት የጠቋቆረ ቀለም። በሰብሳቢ ወግ አይወለወልም፣ አይቀባም፤ ጥቁረቱ ራሱ ምስክሩ ነው።

ቀለሙ የለም። ብረቱ አዲስ ማንኪያ መስሎ አብለጨለጨ።

ዳኛው፣ ፍቅሬ "ቀለሙ ላይ የማንም እጅ አላረፈም" ብሎ ፈርሞ ያስገባውን ወረቀት አነበበ። ጠመንጃውን አየ። ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው። በሳምንቱ የፍቅሬ ስም በአታላይነት ከክለቡ ተሰረዘ።

ፍቅሬ በሀገሩ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠርተው አሰናበቱት፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረው የለም። እዚህ አሜሪካ፣ ፖላሪስ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳል። ዲግሪውን የጠየቀው ሰው ባይኖርም፣ እነዚያ ሰብሳቢዎች ቃሉን ያምኑት ነበር። "ፍቅሬ ካለ አለቀ" ይሉ ነበር። የቀረችው ክብር ያቺው ነበረች። ለክለቡ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለአንዱም አልመለሱለትም።

በዳዩን ግን ያውቀዋል። ሊዮን ነው።

ሊዮን እዚያው ከተማ፣ ኖርዝላንድ በሚባል ሰፈር ጠመንጃ የሚጠግን የድሬዳዋ ልጅ ነው። ፓርከሩ የውስጥ ሞላው ተሰብሮ እሱ ጋ ሰንብቷል። ከውድድሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ፣ ፍቅሬ ከሥራ ሲመለስ ሊወስደው ጎራ ቢል፣ ሊዮን "ክፈተውና እየው፣ ጋሽ ፍቅሬ" አለው።

"ምን ነካህ? አንተን ልፈትሽ?" አለ ፍቅሬ።

አደራ የተቀበለ ሰው ፊት ዕቃ መፈተሽ ነውር ነው። ኬዙን እንደተዘጋ ይዞት ሄደ። ጠመንጃዎቹ የሚቆለፉበት ሴፍ ያለው ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት፣ ነው፤ እዚያ የበዓል እንግዳ ጋደም ብሎ ስለነበር ኮቴውን አጥፍቶ ኬዙን ከሶፋው ጎን አስደገፈና ወጣ። ዓርብ ድርብ ሽፍት ሠራ። ቅዳሜ ኬዙን ብድግ አድርጎ ወደ ደብሊን ነዳ።

ከዚያ ወዲህ ለሊዮን ሰላምታ የለውም። ሊዮን ኮል ያደርጋል፤ ፍቅሬ አያነሳም። ሠርግ ላይ ቢገናኙ ሳህኑን ይዞ ከጠረጴዛው ይነሳል።

"ለአንድ ብረት ብለህ ሰው ታጣለህ?" ትለዋለች ሚስቱ ሉሊት።

"ብረቱስ ብረት ነው። ስሜስ?"

"እንግዲያው ቀለሙን አስመልሰው፤ ወይ ሽጠው።"

"አልሸጠውም! አላስቀባውም! እንደተበደለ ይቀመጣል።"

ሁዳዴ ሲገባ ተጣልቶ መጾም አይገባም ተባለና ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ጋሼ ለማ ከሲንሲናቲ ተጠሩ። የድሮ የክብር ዘበኛ ወታደር ናቸው፤ ለሉሊት እንደ አባቷ፤ ፋሲካን ከነፍቅሬ ቤት ሌላ ውለው አያውቁም። በስልክ የተነገራቸው "ሊዮን የፍቅሬን ጠመንጃ አበላሸበት" የሚል ብቻ ነው። ለሽማግሌ ዝርዝሩ በስልክ አይዘከዘክም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳሎን ተቀመጡ።

"ተነሥ፣ የታላቅህን ጉልበት ሳም" አሉ ጋሼ ለማ ሊዮንን።

"ጋሼ፣ ባላጠፋሁት? ሞላውን ቀየርኩ፣ ዘጋሁት፣ በቃ።"

"ታዲያ ጅብ ላሰው?" አለ ፍቅሬ።

"ጅቡ የሐረር ነው፤ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ።"

ሉሊት ሳቋን ዋጠች። ፍቅሬ ከመቀመጫው ተነሣ።

"ቀልድ! በሀገሬ ሲያባርሩኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እንደ ጥፋት ቆጠሩት። አሁን ግን ዝም አልልም። ጉልበቴን እንዲስም አልፈልግም፣ ጋሼ። ካሳም፣ ይቅርታም አልፈልግም። መልስ ነው የምፈልገው! ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልመለሰልኝም!"

"መጽሐፍ ቅዱስ አምጡልኝ፤ እምላለሁ" አለ ሊዮን። አሁን አልቀለደም። "ደንበኛ እየሸሸኝ ነው፣ ጋሼ። ልጆቼን በምን ላሳድግ?"

ጋሼ ለማ እጃቸውን አነሡ። "በእኔ ፊት ማንም አይምልም። ጠመንጃው ይምጣ።"

ኬዙ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ፍቅሬ አመጣው፣ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው፣ ዞር ብሎ ቆመ። ሊዮን ብረቱን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። "ወይ ጌታዬ! ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"እሱን ነው የምጠይቅህ!" አለ ፍቅሬ።

ጋሼ ለማ መነጽራቸውን አደረጉ። ጠመንጃውን አንሥተው ከማጠፊያው ሰበር አድርገው ከፈቱት፤ በሁለቱ አፈሙዝ ውስጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዩ፤ ብረቱን እያገላበጡ መረመሩ። ከዚያ አስቀመጡትና፣ ወደ ሊዮን ሳይሆን ወደ ፍቅሬ በቁጣ ዞሩ።

"አንተ ሰው፣ ባለፈው ፋሲካ አንተ ሥራ ስትውል ያን ሁሉ ዝገት ፍቄ እንዳጸዳሁልህ አይደል እንዴ ያለው? ታዲያ ይሄ ልጅ ምኑን ነው ያበላሸብህ? መልስልኝ እንጂ!"