ከራሷ ቆዳ አርቂው

ልጄ ያን ያህል የምትስቀው ለምን ነበር? የገባኝ መጨረሻ ላይ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው በጓደኛዋ ሠርግ ዋዜማ ነው፤ ፀጉሯ ትከሻዋን አልፏል። ሚዜ ስለሆነች በማግስቱ ጠዋት ፀጉር ቤት ይዣት ሄድኩ። እኔ ለሠርጌ በጋለ የብረት ማበጠሪያ ተቃጥዬ ጠባሳው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ በላይ አለ። ስለዚህ ፀጉር ሠሪዋን ዝናሽን መፈናፈኛ አሳጣኋት።

“ሳይደርቅ እንዳትጀምሪ! እሳቱን ቀንሺው! የሙቀት መከላከያውን ቀብተሻታል?”

“ቀብቻታለሁ እትዬ፣ ሦስቴ!”

“ከራሷ ቆዳ አርቂው!”

የጋለው የፀጉር መተኮሻ ፔስትራ በቀረበ ቁጥር ጣቴን መሃል አስገብቼ አናቷን እፍ እላለሁ። ልጄ በሳቅ ትንፈራፈራለች፤ ዝናሽም ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ታዞራለች።

ውጭ የሚዜዎቹ መኪና ጥሩምባ አምባረቀ። ፀጉሩ ገና ግማሹም አላለቀም።

“እማዬ፣ በዚህ አያያዝሽ ሙሽራዋ ሳልደርስ ትወልዳለች!” አለችኝ። ብድግ ብላ ፀጉሩን በሁለት እጇ ከራሷ ላይ አወለቀችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። “በይ አንቺ ተረጋግተሽ አሠሪው።”

በአጭር ከርዳዳ ፀጉሯ እየሳቀች ወደ ሠርጉ ሄደች። እኔና ያ ረጅሙ ፀጉር ፀጉር ቤት ቀረን።