ይሻው በጽዋው ፊት የተናገረው

ይሻው ነው እንዲህ ያላት... የገዛ ባሏ የወንድም ልጅ!

«የምን እኩል ነው የሚጠይቁኝ? መሬቱን በስጦታ ሰጥተውኝ የለም እንዴ? አንቱማ ጃጅተዋል!»

ወይዘሮ እቴነሽ አውድማው ዳር ባዶ ጆንያዋን ታቅፋ ቀረች።

ባሏ ሲሞት የጋፋቱን መሬት ምርቱን ለሁለት እየተካፈሉ እኩል እንዲያርስላት ሰጠችው እንጂ አልሸለመችውም። ከዚያ ሌላ መሬት የላትም... ልጅም የላትም።

እሱስ ይሁን... ግን «ጃጅተዋል»?

ያቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰነቀረችባት።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ወጣች። ለድሃ በነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል የተባለ ቢሮ ገባች። ፍቅርተ የምትባል ቀጭን ልጅ ወንበር ሳበችላት።

«ጠበቃዋ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም እማማ። የሕግ ረዳት ነኝ። ቃል እቀበላለሁ፣ ማመልከቻ አዘጋጃለሁ፣ ምስክር አፈላልጋለሁ፣ ቀጠሮ እንዳያልፍዎት አስታውሳለሁ። ችሎት ቆሞ የሚከራከረው ጠበቃው ነው።»

«እንግዲያ የሕግ ዲያቆን ነሽ በይኛ! ቄሱ ሲቀድስ ጽና የምታቀብዪ...»

ፍቅርተ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች... ጻፈችና መልሳ አነበበችላት።

«የቀረ ነገር አለ እማማ?»

«ጃጅተዋል ያለኝን ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«አስምሪበት!»

ከዚያ ፍቅርተ ምስክር ፍለጋ ጋፋት ድረስ በእግሯ ወረደች። በር በር አንኳኳች።

አንዱ «ሲዋዋሉ አልነበርኩም» አላት... ሌላው «ከአፉ አልሰማሁም» አላት።

ያልሰማ ኖሮ ነው? የይሻውን በሬ የማይዋስ ስለሌለ እንጂ!

እቴነሽ ተቆጣች። «እንግዲያ የሚሉትን አንቺው አስጠኚያቸው!»

«እሱ አይሆንም እማማ። ምስክር ይገኛል እንጂ አይሠራም። በዓይኑ ያየ ወይም ከራሱ ከይሻው አፍ የሰማ ካለ ያምጡልኝ። አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም።»

ከራሱ አፍ...

እቴነሽ ይቺን ስታኝክ ሰነበተች።

የሚካኤል ማኅበር ቀን ደረሰ። ሁለቱም ማኅበርተኞች ናቸው። ጽዋውን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ወር ወደ ቤቱ የሚወስደው ደግሞ ይሻው ነው።

በማኅበሩ ደንብ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አያነሳም። ጽዋ ተከልክሎ ባዶ እጁን የወጣ ሰው በጋፋት ቀና ብሎ አይሄድም።

ቄስ ወልደሚካኤል እንደ ወትሮው ጠየቁ። «የተቀያየመ አለ?»



እቴነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«አባ፣ እኔና ይሻው በመሬት ነገር አለን ይባላል። ካለን ጽዋው ይቆይ። ከሌለን ራሱ ይናገር።»

ቤቱ ሁሉ ወደ ይሻው ዞረ። ላብ ላብ አለው።

«ኧረ እናቴ! የምን ነገር?»

«መሬቱ የማን ነው?»

«የአንቱ ነዋ!»

«አንተስ?»

«እኔማ እኩል አራሽዎ ነኝ!»

«በስጦታ ሰጥቼህ ነበር?»

«በጭራሽ! ሚካኤልን!»

እቴነሽ ወደ ማኅበርተኛው ዞረች።

«ሰማችሁ?»

«ሰማን!» አሉ በአንድ ድምፅ። እልልታው ቀለጠ። ይሻው ጉልበቷን ሳመ፤ ጽዋውን አነሳ። ሁሉም «እርቅ ወረደ» ብሎ ደስ አለው።

ሲወጡ ግን ይሻው ትከሻዋን የሚስም መስሎ ጎንበስ አለና በጆሮዋ...

«አሮጊት፣ ያልኩት ለጽዋው ነው። ፍርድ ቤት ስንገናኝ ስጦታ ነው እላለሁ።»

እቴነሽ ፈገግ አለች።

«በርታ ልጄ» አለችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማኅበርተኛውን ከየቤቱ ቀሰቀሰች።

«ትናንት ሰማን ያላችሁ ተነሱ! አልሰማንም የምትሉም ንገሩኝ፤ ለሚካኤል እነግረዋለሁ!»

ማን ይቀራል?

ቄሱን ከፊት አስቀድማ፣ ሌላውን ከኋላ አስከትላ፣ ሆን ብላ በይሻው ደጅ አለፈች። ይሻው ጋቢውን እየጎተተ ወጣ።

«እናቴ፣ ወዴት ነው? በሽምግልና እንጨርሰው እንጂ!»

«ትናንት ጨረስነው እኮ። የቀረው ማስጻፍ ነው።»

ፍቅርተ ቢሮዋን ስትከፍት ሰልፉን አይታ ደነገጠች። «እማማ፣ ሰርግ ነው?»

«ቀብር ነው፤ የይሻው ውሸት ቀብር። ቃል ተቀበዪ!»

ፍቅርተ አንዱ የሌላውን እንዳይሰማ ሌሎቹን ውጭ አስቀምጣ በሩን ዘጋች። ቀድመው የገቡት ቄሱ ናቸው።

ትምህርቱ ይሄ ነው...

ሰው በጆሮህ ሹክ ብሎ ሲዝትብህ አትጩህ። ሰው ፊት የተናገረውን ያዝበት። ይቅርታ የሚገባው ለተጸጸተ ነው፤ ጽዋ ይዞ ለሚዋሽ ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው የሚገባው!

እናንተስ ብትሆኑ፣ «ጉልበቴን ስሟል» ብላችሁ ትተዉት ነበር? ወይስ እንደ እቴነሽ በጠዋት በር ታንኳኩ ነበር?

ከታች ጻፉልኝ... «ይቅርታ ይሻላል» የምትሉ ደግሞ፣ መጀመሪያ መሬት ተነጥቃችሁ ታውቁ እንደሆነ ንገሩኝ!