መጽሐፉ ላይ ያልገባው ስቅታ

«አትነቃነቂ የኔ እናት፣ መርፌው ይወጋሻል» እላታለሁ የልጅ ልጄን። ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ተንበርክኬ የቀሚሷን ዘርፍ እየጠቀምኩ ነው። ረዝሞባታል፤ ጠልፎ ይጥላታል ብዬ ፈርቻለሁ። ደረጃው ደግሞ መደገፊያ የለውም። ቁርስም አልቀመሰች።

«ስቅ!» ትላለች።

«ማን ስምሽን አንስቶ ነው?» ትላታለች ወታደር ሆና የምትጫወተው ጓደኛዋ። የኩል ጢም ስለውላታል። «ጢሜን ፈርተሽ ከሆነ ልታጠበው!»

የልጅ ልጄ አትስቅም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እማማ፣ እኔ አልወጣም። ለመምህሯ ንገሪልኝ። እሷ እንዲህ ፈሪ አልነበረችም።»

«እሷ» የምትላት፣ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ድራማ ሆና የምትጫወታትን የኔን ታላቅ እህት ነው። ከትግሉ መሪዎች አንዱ ትዝታቸውን ጽፈው ካሳተሙ ወዲህ እህቴን የማያውቅ የለም። መልእክቱን ቀሚሷ ዘርፍ ውስጥ ሰፍታ ኬላውን ያለፈችበትን ገጽ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፤ «ልቧ አልደነገጠም፤ ትንፍሽ አላለችም፤ ዓይኗን ሳትሰብር አለፈች።» ዛሬ ደራሲው ራሳቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ኬላው ላይ ግን እሳቸው አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። ሕፃን ይዛ የምትሄድ ልጃገረድ አትጠረጠርም ተብሎ እጇን ይዤ አብሬያት ሄጃለሁ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እናታችን እስክታርፍ ድረስ ያንን መጽሐፍ ከትራሷ ሥር አላነሳችውም። ልጇን በትግሉ ያጣች እናት መጽናኛዋ እንዴት ይነካል? እኔም ገጹን ሳነበው፣ ሳነበው፣ እህቴ ቀስ በቀስ ጠፋችብኝና የመጽሐፉ ልጅ ቀረችኝ። በሕልሜ እንኳ ስትመጣ ሽፋኑ ላይ እንደተሳለችው ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ድምፅ የሌላት።

«ስቅ!» የልጅ ልጄ ትከሻ አብሮ ዘለለ።

ያን ትከሻ አውቀዋለሁ። መርፌው እጄ ላይ ቆመ።

«ስሚኝማ» አልኳት ዝቅ ብዬ። «እሷም እኮ ስትፈራ ስቅ ይላት ነበር።»

«እህትሽን?»

«ነዋ! ኬላው ጋ ስንደርስ ጀመራት። ወታደሩ ‹ማን እያነሳሽ ነው?› ቢላት፣ ‹እናቴ ትሆናለች፣ አመሸን› አለችው፤ እሱንም ስቅ እያላት። ሳቀና አሳለፈን። እጇን ይዤ የለ፣ ስቅ ባላት ቁጥር እኔንም ትነቀንቀኛለች።»

«እስቲ ሙቺ በይኝ!»

«ምን በወጣሽ! እኔ ልሙት።»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እና በምን ተዋት?»

«የምንሄድበት ቤት አንድ ጎረምሳ በር ከፈተልን። መልእክቱን ሳይጠይቅ ውኃ ሰጣት።»

ያ ጎረምሳ ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። ለምን እንደዚያ አድርገው እንደጻፉት ጠይቄያቸው አላውቅም።

መምህሯ ብቅ ብላ «ተራችሁ ነው!» አለች። ክሩን በጥርሴ በጠስኩላት። የልጅ ልጄ ደረጃውን ወጣች፣ እኔ ነፍሴን አላወቅሁም። ምን ነካኝ? አሁን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስቅ ቢላት ደራሲው ያፍሩ የለ? ሽማግሌ ናቸው፤ ቢያማቸውስ? ልጄንስ ቢቆጧት?

በመጋረጃው ስንጥቅ አያለሁ። ባለጢሟ «ቁሚ!» ብላ ትጮኻለች። የልጅ ልጄ ትቆማለች።

«ስቅ!»

ከኋላ አንድ ሰው ይስቃል። ልጄ የቀሚሷን ዘርፍ ጨብጣ አንድ እርምጃ ትራመዳለች። «ስቅ!» አንገቷን አልደፋችም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ይነሳሉ። ሊያስቆሟት ነው እላለሁ፤ መጋረጃውን እጨብጣለሁ፤ ገብቼ በቀሚሴ ልከልላት ምንም አልቀረኝ።

ወደ መድረኩ ጠርዝ ይጠጋሉ። ፊታቸው የነበረውን የውኃ ጠርሙስ ወደ ልጄ ይዘረጋሉ። ክዳኑን ከፍተውላታል።