የዓዋሌ ረጅም ሰላምታ

በድሬ መጋላ ሰፈር እንደ ጨርቅ ነጋዴው ዓዋሌ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው አልነበረም። በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። «አሰላሙ አለይኩም! ደህና ናችሁ? ልጆቹስ? ሙቀቱስ? ፍየሎቹስ?» እያለ ይቆያል። ፍየል የሌለው ሰው እንኳ ስለ ፍየሎቹ ይጠየቃል። ሰዉም «ወላሂ፣ አደብ ማለት ይሄ ነው!» ይላል።

አደብ አልነበረም፤ እግሩ ነው። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ይዞታል። በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ የተጣበቀ ይመስል አልንቀሳቀስ ይለዋል። እስኪፈታለት ድረስ አፉን ያሠራል።

ይህን ከሚስቱ ከሸምሶ መደበቅ ነበረበት። አባቷ በዚሁ በሽታ ዓመታት ሲማቅቁ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ከቀብር መልስ «ያ ረቢ፣ ይህን በሽታ ዳግመኛ በቤቴ አታሳየኝ!» ብላ ስታለቅስ ሰምቷል። ታዲያ በምን አፉ ይንገራት? ዓዋሌ ሸምሶን ይወዳታል፤ ያን ለቅሶ ደግሞ ከሞት ይልቅ ይፈራዋል።

ደግነቱ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ክሊኒክ አዲስ ሕክምና እየሞከረ ነው ሲሉ ሰማና ሄደ። ቀዶ ጥገና የለው፣ መርፌ የለው። ሂባቅ የምትባል ባለሙያ በጨው ውኃ የራሰ ስፖንጅ ከጨርቅ ቆብ ሥር ታስገባለች። ከአንዲት ትንሽ ሳጥን በሽቦ ደካማ ኤሌክትሪክ ትለቅበትና ወለሉ ላይ በተሰመሩ መስመሮች ታራምደዋለች።

«አዴር፣ ረዘም አድርገህ እርገጥ!» ትለዋለች፣ እንደ አጎቷ ቆጥራው።

«አቦ፣ መብራት ኃይል ከሰማ ጭንቅላቴ ላይ ቆጣሪ ይገጥምብኛል!»

ውሎ አድሮ እግሩ ትንሽ ትንሽ ይፈታ ጀመር። ሰላምታውም አጠረ፤ መጋላም ዓዋሌ ኮራ ብሎ አማው።

ችግሩ ሸምሶ ናት። ከሰዓት እየጠፋ ፀጉሩ ርሶ የሚመለስ ባል ምን ይባላል? «ላብ ነው» ይላታል። የድሬ ሙቀት ለውሸት ይመቻል። ግን ያመነችው አይመስልም። ድሮ በቀልዱ ሆዷን ይዛ የምትስቅ ሴት፣ ፊቷ አልፈታ አለው። የሚኮራባትን የግመሏን ቀልድ አወራላት፤ ከንፈሯ እንኳ አልተነቃነቀም። ሰፈር ያዳርስ የነበረ ድምፅዋ ጆሮውን ካላስጠጋ አይሰማም። ሻዩንም ብርጭቆው ግማሽ ላይ ታቆመዋለች።

«ለግማሽ ባል ግማሽ ሻይ ነዋ» አለ በሆዱ።

የጎረቤቱ ባለሱቅ አብዲራሺድ ነገሩን አባሰው። «ወሪያ! ሴቶቹ ሁለተኛ አግብቷል ይሉሃል። እውነት ነው?»

«እኔ? አንዷን መች ቻልኳት!»

ላስተባብል ቢል ደግሞ ታዲያ የት ነው የምትውለው ሊባል ነው። ዝም ማለትን መረጠ። ከምታለቅስ ሚስት የምትቀና ትሻላለች ብሎ ራሱን አጽናና።

ሸምሶም ጠዋት ጠዋት መውጣት አመጣች። «እህቴ ካልቱን ጋ ነኝ» ትላለች። ስትመለስ ሻሿ ዳር ላይ ነጭ የጨው ምልክት ያያል። በኔ ምክንያት ያለቀሰችው እንባ ነው ይላል። አንድ ቀን ካልቱንን ገበያ መሀል አገኛት።

«ሸምሶ ምነው ጠፋችብኝ? ደህና ናት?» አለችው።

ዓዋሌ በገነ። እህትማማች! አብረው ፍቺ እየዶለቱ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ጠፋችብኝ ትለዋለች!

በሳምንቱ ከወትሮው ቀደም ብሎ በባጃጅ ወደ ክሊኒኩ ሲሄድ፣ ሸምሶን በከዚራ ዛፎች ሥር አያት። አንድ እጇን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ እግሯን ጎተት እያደረገች፣ ቀስ ብላ ትራመዳለች። ዓዋሌ ከመቀመጫው ወርዶ ወለሉ ላይ ተወሸቀ።

«ፋዘር፣ ምን ሆንክ?» አለ ባለ ባጃጁ።

«ንዳው አቦ! ሚስቴ እየተከታተለችኝ ነው! ጉያዋ ውስጥ ዱላ ሳትይዝ አትቀርም።»

ባለ ባጃጁም ባለትዳር ነበርና ምንም ሳይጠይቅ ነዳው።

ያን ዕለት ምሽት ሸምሶ ግማሹን ሻይ አስቀመጠችለት። «ዓዋሌ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አለች በዚያች በቀጨጨች ድምፅ። «ነገ ከሰዓት ቤት ዋልልኝ። አሁን አቅም የለኝም።»

በቃ፣ ፍቺ ነው። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አነጋ። ያለ ሸምሶ ቤቱ ምን ቤት ነው? ታልቅስ እንጂ አትሂድበት። እሷ ሳትቀድመው እውነቱን ሊነግራት ወሰነ።

ጠዋት ሲነሳ ሸምሶ ወጥታለች። ስልኩ ጮኸ፤ ሂባቅ ናት። «አዴር፣ ከሰዓት መብራት የለም ተብሏል። አሁኑኑ ና።»

በረረ። እንዲያውም ሂባቅን ምስክር አድርጎ ቤቱ ሊወስዳት አሰበ። ክሊኒኩ በር ላይ ሳይቆም ገባ፤ ለራሱም አልታወቀው።

«ቀስ በል አዴር» አለችው ሂባቅ። «ከመጋረጃው ጀርባ ሰው አለ፤ የጠዋት ታካሚያችን ናት። እስክትጨርስ ተቀመጥ።»

«መቀመጥ የለም! ሚስቴ ልትፈታኝ ነው! እግሬን ብደብቃት ሴት የያዝኩ መስሏታል። እባክሽ ቤቴ ነይና ንገሪያት! ዓዋሌ በሽታ እንጂ ሌላ ሴት የለውም በያት! ካለሷም መኖር አይችልም በያት!»

ሂባቅ አንዴ እሱን፣ አንዴ መጋረጃውን አየች።

አንድ የሚንቀጠቀጥ እጅ መጋረጃውን ገለጠው፤ ሽቦ የተሰካበትን ቆብ ደፍታ የተቀመጠችው ሸምሶ ነበረች።