የጀዕፈር ጉልበት

በ1978 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ ከወሎ መጥቶ አሶሳ አጠገብ የሰፈረው ጀዕፈር ከትራክተር ተጎታች ላይ ወድቆ ግራ ጉልበቱን ተጎዳ። እብጠቱ ቶሎ ጎደለ። እሱ ግን ጉልበቴ እየተቆለፈ አላራምድ አለኝ እያለ ከእርሻ ቀረ።

የሰፈራ ጣቢያው ኃላፊ ፈየራ አላመነውም። በዚያ ሰሞን ታመምን ብለው ከተማ የወጡ ሰፋሪዎች ሱዳን ገብተው ቀርተዋል። ስለዚህ ጤና ረዳቱን ሁንዴሳን አስጠራ።

ሁንዴሳ ጉልበቱን አጥፎ ዘረጋው፣ ጠምዞም አየው። ጀዕፈር ጥርሱን ነከሰ።

ውጭ ሲወጡ ሁንዴሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውዬው የሚያስመስል ይመስለኛል። ግን ያለ ራጅ ማረጋገጥ አይቻልም።»

ራጅ ያለው አሶሳ ነው። ሰፋሪ ብቻውን አይለቀቅም፤ ለጣቢያው ሠራተኞች እንኳ የመውጫ ፈቃድ ከተከለከለ ከርሟል። ፈየራ ሚሊሻ ሊያስከትልበት አሰበ። ሁንዴሳ ግን ጀዕፈር ሚሊሻውን በቀላሉ ያታልለዋል አለ።

«እኔው ልውሰደው። ከዓይኔ አይጠፋም።»

ፈየራ ተስማማ። የጀዕፈርን ሚስት ሰዕዲያንም ጠርቶ፣ ባልሽ ቢጠፋ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አላት። ሰዕዲያ ነፍሰ ጡር ነበረች።

በእህል መኪና ሄዱ። ጫኚዎቹ ወደ ሱዳን ድንበር ስለሚያወጣው የኩርሙክ መንገድ ሲያወሩ ጀዕፈር ያዳምጣል። ሁንዴሳ ጠጋ ብሎ በእሱና በጫኚዎቹ መሃል ተቀመጠ።

ራጁ ስብራት አላሳየም። ሐኪሙ ግን ራጅ አጥንት እንጂ በመሃል ያለውን ልም አጥንት አያሳይም አላቸው። የጉልበትን ውስጥ ገልጦ የሚያሳይ መሣሪያ ውጭ አገር ወጥቷል ሲባል ሰምቷል፤ እዚህ ግን የለም።

አመሻሽ ላይ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ሾፌሩ በቀጠሩት ቦታ ቢጠብቅም ሁለቱም አልመጡም።

ፈየራ ሰዕዲያን መጋዘን ውስጥ አስገብቶ አስቆለፈባት። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ሁንዴሳ በፈቃዱ አይለቀውም፣ ጀዕፈር አንድ ነገር አድርጎት መሆን አለበት። ሚሊሻዎቹ ሲነጋ ወጥተው ቁጥቋጦውን ሲያስሱ ዋሉ። የሚፈልጉት የሁንዴሳን ሬሳ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጀዕፈር ግራ እግሩን እየጎተተ፣ በቀርከሃ እየተመረኮዘ በጣቢያው በር ገባ።

«ዶክተር ሁንዴሳ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጠብቀኝ ብለውኝ ሄዱ፤ ብጠብቅ ቀሩብኝ» አለ። «ቀድመውኝ መጥተው ይሆን?»