አንድ ክንድ ንጋት

አልጣሽ ድሪቶዋን ከሲባጎው ጫፍ ላይ፣ የአዳራሹ በር ሲከፈት ከሚጋርደው ግድግዳ አጠገብ ሰቀለችው። ሁለት ቦታ በመርፌ ቁልፍ ያዘችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችበት። አሁን ማንም አያየውም። እሰይ፣ አለች በሆዷ።

ሌሎቹ ሴቶች ለመሃሉ ቦታ ይገፋፋሉ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር በየወሩ አንድ ርዕስ ይሰጣል፤ ከየቤቱ በተለቃቀመ ቁራጭ ጨርቅ ርዕሱን የሚናገር፣ ክንድ በክንድ የሆነ ሥራ ተሰፍቶ ይመጣል። ሊቀመንበሯ መሰረት «የእጅ ጥበብ ውጤት» ትለዋለች። ሴቶቹ ድሪቶ ይሉታል፤ ግን ለዚሁ ድሪቶ ሲሉ ስንት ወጥ አሳርረዋል። ባለፈው ወር ርዕሱ «ምርት» ነበር፣ ከዚያ በፊት «ውሃ»። በሁለቱም አንደኛ የወጣችው አልጣሽ ናት። አንደኛ የወጣ ሥራ አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ይሄዳል። እስካሁን ሄዶ የተመለሰ የለም።

የዚህ ወር ርዕስ «ንጋት» ነው። መከራዋም ከዚህ መጣ። የጭላሎን ተራራ ከአሮጌ የተማሪ ዩኒፎርም ቆርጣ፣ ከሥሩ ትንሽ ቤት አስቀምጣ፣ ሰማዩ ላይ ስትደርስ ቢጫ አጣች። ልብስ ሰፊው የሰጣት ቁራጭ የሽሮ መልክ አለው። ለሌላ ሰው ይበቃ ነበር። አልጣሽ ግን ሥራ ከያዘች አይሆንላትም፤ ሣጥኗን ከፍታ የየውብዳርን ቀሚስ አወጣች።

የየውብዳር ይባል እንጂ በልጅነታቸው ጢቾ ከተማ ሳሉ የሁለቱም ነበር፤ የእሷና የእህቷ። አንድ ቢጫ ቀሚስ፣ ሁለት ልጃገረድ። ቅዳሜ አንዷ ለብሳ ገበያ ስትወጣ ሌላዋ ቤት ትቀራለች። ገና ሳይነጋ፣ እናታቸው እንዳትሰማ በሹክሹክታ ይጨቃጨቁበታል፤ ያለፈው ቅዳሜ ያንቺ ነበር፣ የለም ያንቺ ነበር። የውብዳር በመጀመሪያ ወሊዷ ስትሞት ለተራ የሚጣላት ሰው ጠፋ፤ አልጣሽም ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልለበሰችውም። ሃያ ዓመት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ብል በልቶት፣ ለሰማይ የሚሆን ደህና ቦታ የተረፈው ትከሻው ላይ ብቻ ነበር።

ሰፍታ ስትጨርስ ነው ኤግዚቢሽኑ ትዝ ያላት። ባዶ እጅ መምጣት ከስብሰባ እንደ መቅረት ይቆጠራል፤ ሌላ ለመስፋትም ጊዜ የለም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የቤቱን ጣራ ፈትታ አጣማ ሰፋችው። ጠማማ ሥራ አንደኛ አይወጣም ብላ።

ዳኛው ጓድ ደመቀ ከባህል ክፍል ነው የመጣው። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከሲባጎው ሥር ቀስ እያለ አለፈ። ቀይ ፀሐይ፤ ቀይ ፀሐይ፤ ቀይ ፀሐይ ከነጨረሯ። የብርቄማ ፀሐይ ለሰማዩም ቦታ አልተወችለትም። ብርቄ የአልጣሽ የጢቾ አብሮ አደግ ናት፤ ምላሷ የማያርፍ፣ ሁለት ወር ተከታትላ ሁለተኛ የወጣች።

ያን ጊዜ ከውጭ ብርዱ ገባ። ደመቀ የኮቱን ኮሌታ አቆመና በሩን ዘጋው።

«ይሄስ?» አለ።

አልጣሽ መሬት መሬት አየች።

«ቤቷን ተመልከቱልኝ፤ እንቅልፏን ጨርሳ የምትንጠራራ ትመስላለች። ደመናዋስ? ይቺን የምታህል ደመና ሰማዩ ላይ ጣል ማድረግ!» ወደ መሰረት ዞረ። «መዝግቢ።»

«እትዬ አልጣሽ፣ እርስዎስ አሁን አበዙት» አለች መሰረት እየሳቀች፤ እስክሪብቶዋን አወጣች።

የሞተች እህቴ ቀሚስ ነው፣ ለኤግዚቢሽን አልሰጥም ብሎ እዚህ መካከል መናገር የማይታሰብ ነው። አልጣሽ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«ቆይ እስቲ» አለች ብርቄ። ቀረብ ብላ ሰማዩን አየች። ከዚያ አልጣሽን አየች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «ጓድ ደመቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ አይሄድም። ጣራው ጠማማ ነው፤ እሱስ ይሁን። ደመና ያሉት ግን ቅቤ ነው። የራስ ቅቤ የፈሰሰበት ጨርቅ። አዲስ አበባ ሄዶ፣ የአርሲ ሴት ጨርቅ ማጠብ አታውቅም ያሰኘን?»



«ማል ታቴ?» አለች አንዷ ከኋላ በኦሮምኛ። «ምን ትሆናለች፣ ቅናት ነዋ» መለሰችላት ሌላዋ፣ እንዲሰማ አድርጋ።

ደመቀ ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጣቱም ዳሰሰ። «ቅባት ነው» አለ ቅር እያለው። ትንሽ ቆሞ አሰበና የብርቄን ቀይ ፀሐይ አስመዘገበ። ያጨበጨቡት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ሲወጡ አልጣሽን ትከሻዋን እየነኩ አጽናንተው፣ ብርቄን ግን እንደ ወንበር ዞረዋት አለፉ።

የአልጣሽ ፊት ገና ይግላል። ያንን ጠብታ ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። አንድ ዓመት ለጥምቀት ቀሚሱን ለአንድ ቀን የተዋሰች የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ራሷን ቅቤ ተቀብታ ወጥታ ትከሻው ላይ አፍስሳበት መጣች። የውብዳር ወር ሙሉ አላናገረቻትም።

«በእንዶድ ሦስት ጊዜ አጥቤው ነበር እኮ» አለች ብርቄ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ። «አልለቅ አለኝ።»

አልጣሽ መርፌ ቁልፎቹን ነቀለች። ልታጥፈው ጀመረችና ተወችው። ቀና ብላ ድሪቶዋን በብርቄ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት፣ ሰማዩን ወደ ላይ፣ ጠብታውን ድሮ በፈሰሰበት በቀኝ በኩል።

«ይቺ ቅዳሜ ያንቺ ናት» አለቻት።

ብርቄ እጇን አንስታ ፀጉሯን ከጨርቁ አራቀች፣ እንዳይነካው።